የዛገ የፍሬን ዲስክ ለምን አልነቀል ይላል?

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ መኪና ከ2,700 ሜትር ግድም ወደ 1,800 ሜትር ግድም ከፍታ ያሽቆለቁላል። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን አሮጌ ኮሮላ በዚህ ቁልቁለት የሚለቀው ጉልበት ከ30 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ሾፌሩ በከባድ ማርሽ ካልያዘው፣ አብዛኛው ጉልበት ሙቀት ሆኖ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። በክረምት ደግሞ ታች የሚጠብቀው የርብና የጉማራ ወንዞች የሚያጥለቀልቁት የፎገራ ሜዳ ነው፤ ወደ ሰሜን እስከ ጣራ ገዳም ግርጌ ቢነዳም ከጭቃና ከውሃ አያመልጥም።

የዲስኩን ፊት ሸራው ዘወትር ስለሚፍቀው ዝገት አይከርምበትም። ዲስኩ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት እምብርት) ላይ የሚቀመጥበትን መሃሉን ግን የሚነካው የለም። በዚያ ጠባብ ክፍተት ውሃ ይሰርጋል፤ ብረቱ ከውሃና ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ይዝጋል። ዝገት ደግሞ ከበላው ብረት ቢያንስ እጥፍ ቦታ ይይዛል። መስፊያ ስለሌለው ዲስኩንና ሞዞውን አጥብቆ ያጣብቃቸዋል።

እንግዲህ ጠላታችን ያ ያበጠ ዝገት ነው፤ መላውም ከዚያው ይመነጫል። መኪናው በክሪክ ብቻ ሳይሆን በጠንካራ መደገፊያ ላይ ይቁም። ሸራውን የያዘው ካሊፐር ተፈትቶ በሽቦ ይንጠልጠል፤ በጎማ ቱቦው ከተንጠለጠለ ቱቦው ይጎዳል። የኋላ ዲስክ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ። ከዚያ ቀጭን ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ተነፍቶ ጊዜ ይሰጠው፤ ክፍተቱ በጠበበ መጠን ዘይቱን ራሱ ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ብዙ የቶዮታ ዲስኮች ጥርስ የወጣላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው። የ8 ሚሊሜትር ቡሎን ሲገባባቸው ሞዞውን ተደግፎ ዲስኩን ወደ ውጭ ይገፋል። በአንድ ሙሉ ዙር የሚሄደው 1.25 ሚሊሜትር ብቻ በመሆኑ የእጅን ጉልበት ብዙ እጥፍ ያደርገዋል። ሁለቱን እያፈራረቁ በሩብ ዙር ማጥበቅ ይገባል፤ ዲስኩ ተሰባሪ ብረት ነውና ወደ አንድ ወገን ከተጎተተ ይሰነጠቃል። ዝገትም ተሰባሪ ስለሆነ፣ በቡሎኖቹ መካከል መሃሉን በልክ መምታት ያረግፈዋል። በኃይል መደብደብ ግን ዱላውን ወደ ኩሽኔታው ያሻግራል።

ሙቀትም ይረዳል። የዲስኩ መሃል ከሞዞው በ100 ዲግሪ በልጦ ቢሞቅ፣ 60 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ በ0.07 ሚሊሜትር ያህል ይሰፋል። ትንሽ ቢመስልም የዝገቱን ማሰሪያ ለመስበር ይበቃል። እሳት ከመቅረቡ በፊት ግን ዘይቱ ሙልጭ ተደርጎ ይጠረግ።

ዲስኩ ሲወጣ ሥራው አላለቀም። ሞዞው ላይ የቀረች 0.05 ሚሊሜትር የዝገት ቅንጣት አዲሱን ዲስክ ታጣምመዋለች፤ ፔዳሉም ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ ሞዞው በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ይጽዳ፣ ስስ ግራሶም ይቀባ፤ ሸራው የሚነካውን ፊት ግን ቅባት አይንካው። ይህን ያደረገ መካኒክ ለሚቀጥለው ፈቺ ግማሹን ድካም አስቀርቶለታል።