እንጎቻውና ውኃው



ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 4 ቁጥር 11 ላይ፥ የአገልጋይ ኃይል ከእግዚአብሔር የሚሰጥ መሆኑን ያስረዳል። እኛ የፕሮጀክት ሠራተኞች ግን ይህን ስናነብ ሳንበላ፥ ሳንተኛ፥ «ደከመን» ሳንል መሮጥ ይመስለን ነበር። ስሕተታችንን ያየነው በአንድ የእህል ማደያ ቀን ነው።

በዚያን ዕለት ገና ሳይነጋ ወደ መጋዘን ሄድን። ሰዓት እንዳይባክን ብለን ጸሎቱን አሳጠርነው፤ ቁርስም አልቀመስንም። ለአንድ ሰው 15 ኪሎ ስንዴ እየመዘንን ስንሰጥ ውለን፥ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንዲት እናት ሕፃን አዝላ ቀረበች። ካርዷ ጠፍቶባታል። ስሟን ከመዝገብ መፈለግ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር፤ እኛ ግን ጮኸንባትና መለስናት። ማታ ሒሳብ ስናመሳክር ስሟን ያለ ፊርማ አገኘነው። በማግሥቱ እህሉን በአህያ ጭነን የሦስት ሰዓት መንገድ ሄድን። ቡና አፍልታ ተቀበለችን። ቀና ብለን ልናያት አልቻልንም።

በዚያ ሳምንት በሠራተኞች ጸሎት 1ኛ ነገሥት 19ን አነበብን። ኤልያስ ከኤልዛቤል ሸሽቶ፥ ብላቴናውን በቤርሳቤህ ትቶ፥ ብቻውን ምድረ በዳ ገባ፤ ከክትክታ ዛፍ ሥርም ሞቱን ለመነ። ይህ እኮ በቀርሜሎስ እሳት ከሰማይ ሲወርድ ያየ ሰው ነው! እግዚአብሔር ግን በዚያ ሥፍራ አልገሠጸውም፤ አስተኛው። በመልአክ እጅ እንጎቻና ውኃ ላከለት፤ እንደ ገና አስተኛው፤ እንደ ገናም አበላው። እስከ ኮሬብ 40 ቀንና 40 ሌሊት የተጓዘው በዚሁ ነው። «በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚያ በኋላ ነበር። ብቻዬን ቀረሁ ላለውም 7000 ሰዎች እንዳሉ ተነገረው፤ ኤልሳዕም ረዳት ሆነለት።

ዛሬ በማደያ ቀን ጸሎት አናሳጥርም። መዝገቡን የሚይዙት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከቀትር በኋላ በሌሎች ይተካሉ። (ሥራው ይዘገያል ብለን ፈርተን ነበር፤ አልዘገየም።) የመጋዘኑ አካባቢ ምእመናን እናቶች ዳቦና ሻይ ያመጡልናል። ካርድ የጠፋበት ሰው ሲመጣ ወንበር ሰጥተን እናስቀምጠዋለን፤ ከዚያም መዝገቡን እንገልጣለን።