የማጂክ ዴክ አሠራር፣ ውድድር እንዳስተማረው

ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ የሒሳብ ሊቁ ሪቻርድ ጋርፊልድ የፈለሰፈው፣ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ለገበያ ያቀረበው የካርታ ጨዋታ ነው። በተለመደው ካርታ ተጫዋቾች ከአንድ ክምር ይካፈላሉ። በማጂክ ግን እያንዳንዱ ተጫዋች በሺህ ከሚቆጠሩ ልዩ ልዩ ካርታዎች መርጦ የራሱን ክምር አዘጋጅቶ ይመጣል። ይህ ክምር ዴክ ይባላል፤ ብዙ ግጥሚያም ገና ካርታ ሳይበወዝ፣ ዴኩ ሲዘጋጅ ያልቃል።

በጨዋታው መጀመሪያ ዘመን ደንቡ ልል ነበር። አንዱን ብርቱ ካርታ የፈለጉትን ያህል ደጋግሞ መክተት ይቻል ስለነበር ጨዋታው ጣዕም አጣ። የውድድር ደንብ ይህን አስቀረ። በዋና ዋናዎቹ የውድድር ዓይነቶች ዴኩ ከ60 ካርታ አያንስም፤ ከታች ከምናያቸው፣ መሠረታዊ መሬት ከሚባሉት ካርታዎች በስተቀር አንድ ካርታ ከአራት ጊዜ በላይ አይገባበትም።

ከ60 በላይ መጨመር አልተከለከለም። ሆኖም ልምድ ያለው ተወዳዳሪ አያደርገውም፤ ምክንያቱም ሒሳብ ነው። ተጫዋቹ ሲጀምር በእጁ ሰባት ካርታ ይይዛል። በ60 ካርታ ዴክ ውስጥ አራቴ የገባ ካርታ ከነዚያ ሰባት መካከል ቢያንስ አንዴ የመገኘት ዕድሉ 40 በመቶ ገደማ ነው። ዴኩ 80 ቢሆን ዕድሉ ወደ 31 ይወርዳል። ጀማሪ የሚወደውን ካርታ ሁሉ ለማስገባት ሲል ከሁሉ የሚበልጡትን ይቀብራቸዋል።

የመሬት ብዛት ከዚህም ይከብዳል። መሬት የሚባሉት ካርታዎች ሌሎቹን ለመጫወት የሚከፈለውን ማና ይሰጣሉ፤ በየተራው ማውረድ የሚቻለው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከ60ው 24ቱ መሬት ቢሆኑ እንኳ፣ ከሰባት የመጀመሪያ እጆች አንዱ ገደማ ወይ አንድ መሬት ብቻ ይዞ ይመጣል ወይ ጭራሽ ባዶ ይሆናል። በቤት ጨዋታ ይህ በሳቅ ይታለፋል። ብዙ ዙር ባለው ውድድር ግን አንዴ ሳይሆን ደጋግሞ መምጣቱ አይቀርም፤ መሬት ቀንሶ ለብርቱ ካርታ ቦታ ያስለቀቀ ተጫዋች ያን ጊዜ ሒሳቡን ያወራርዳል።

የማናን ነገር ከሁሉ በላይ ያስተማረው ዴክ እ.ኤ.አ. በ1996 አትላንታ ውስጥ በተካሄደ፣ ፕሮ ቱር ለተባለው ትልቅ የማጂክ ውድድር በሚያሳልፍ ማጣሪያ ታየ። የነደፈው ጄይ ሽናይደር፣ የተጫወተበት ፖል ስላይ ሲሆን፣ ሁለተኛ ወጥቶ ስሙን ለዴኩ አወረሰ። ካርታዎቹን ለየብቻ ያየ ሰው ይስቅባቸው ነበር። ለምሳሌ አይረንክሎ ኦርክስ በሁለት ማና የሚወርድ፣ ጉልበቱ 2 የሆነ፣ ጉልበቱ 2 ወይም ከዚያ በላይ የሆነን አጥቂ ግን መከላከል የማይችል ፍጡር ነው። እንዲህ ያለ ካርታ ማን ይፈልጋል? ስላይ ግን ሊከላከልበት አላሰበም። በመጀመሪያው ተራ አንድ ማና፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት እያወጣ ምንም ሳያባክን ያጠቃል። ኃያል ፍጡሩን አራተኛ ተራ ላይ ለማውረድ የሚጠብቅ ተጋጣሚ እስከዚያ ስድስት ማና ሳይጠቀምበት ያልፈዋል። ከተጋጣሚው ነፍስ የተረፈውን እንደ ላይትኒንግ ቦልት ያሉ ካርታዎች ይጨርሱታል፤ ይህ ካርታ በአንድ ማና ብቻ ተጋጣሚው ከሚጀምርበት 20 ነፍስ ሦስቱን ይወስዳል። ከዚያ ወዲህ የካርታዎችን ዋጋ ከአንድ ማና ጀምሮ ደርድሮ መቁጠር የዴክ አሠራር ፊደል ሆነ።

ለውድድር የሚዘጋጅ ሰው ሌሎች ምን ይዘው እንደሚመጡም ይገምታል። ግጥሚያው ብዙውን ጊዜ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ላሸነፈ ነው፤ ከመጀመሪያው ጨዋታ በኋላ እስከ 15 ከሚደርሱ ተጠባባቂ ካርታዎች መቀየር ይፈቀዳል። እዚህ ላይ የሚሳሳቱት ብዙዎች ናቸው፦ የሚገባውን ያስባሉ፣ የሚወጣውን አያስቡም። ተጠባባቂዎቹ ሁሉ ጥሩ ሆነው በቦታቸው የሚወጣ ካርታ ከጠፋ፣ ዴኩ የራሱን አጥንት አውጥቶ ሌላ ነገር ይሆናል።

በትልልቅ ውድድሮች የዴኩና የተጠባባቂዎቹ ዝርዝር ከመጀመሪያው ዙር በፊት ለዳኞች ይቀርባል። በእጅ ያለው ዴክ ከዝርዝሩ ጋር ካልተመሳሰለ ያስቀጣል፤ ውድድሩ እስኪያልቅም ሌላ ካርታ መጨመር አይቻልም።