መምህሩን የማይለቅ ስልክ

ጎንደር የሊቃውንት መናኸሪያ ከሆነችበት ዘመን ጀምሮ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ደበሎውን ደርቦ ከደብር ወደ ደብር የሚጓዝ የቆሎ ተማሪ ለደጋው መንገድ እንግዳ ሆኖ አያውቅም። ይህ ተማሪ ድጓውን በቤተልሔም አስመስክሮ፣ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አምባ ፈጽሞ፣ አቋቋሙን ሊቀጽል ወደ ጎንደር በዓታ ሲዘልቅ፣ ከአንዱ የኔታ ጉባኤ ተነሥቶ ወደ ሌላው እንዲሄድ ያዘዘው አለቃ አልነበረም፤ የሚነሣበትን ቀንና የሚገባበትን ደጃፍ የሚቆርጠው ራሱ ነበር። ዛሬ በዚያችው ከተማ በወጣቱ ተማሪ ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፣ በዚሁ በጥንቱ ሥርዓት ይኖራል ቢባል አንባቢን ያስደንቅ ይሆናል፤ ነገሩ ግን እውነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1954 የጤና ባለሙያዎችን ሊያሠለጥን የተቋቋመው ኮሌጅ አድጎ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ ማራኪ፣ አፄ ቴዎድሮስና አፄ ፋሲል የሚባሉትን ግቢዎች የሚያዳርስ ሰፊ ተቋም ወጥቶታል። እንዲህ ያለውን ስፋት አንድ የዋይፋይ መሣሪያ ሊሸፍነው አይችልም፤ ሞገዱ ጥቂት ክፍሎችን ከዘለቀ በኋላ ይደክማልና። ስለዚህ በማናቸውም ትልቅ ሆስፒታል፣ መሥሪያ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ አክሰስ ፖይንት የሚባለው ማሠራጫ በየኮሪደሩና በየአዳራሹ ጣሪያ ይሰቀላል። ሁሉም በአንድ ስም ስለሚጠሩ በስልኩ መስኮት ላይ የሚታየው ስም አንድ ነው፤ ከስሙ በስተጀርባ ያሉት ማሠራጫዎች ግን ብዙ ናቸው፤ እያንዳንዱም የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ ጎረቤታሞቹም እንዳይሻሙ በተለያየ ቻናል ይሠራሉ።

ታዲያ ሰው ከአንዱ ሕንፃ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ ስልኩ ከአንዱ ማሠራጫ ወደ ሌላው የሚዛወረው በማን ፈቃድ ነው? ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በታክሲ እየሄደ በስልክ የሚነጋገር ሰው ከአንዱ የስልክ ማማ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በማማዎቹ ባለቤት በኔትወርኩ ትእዛዝ ነው። በዋይፋይ ግን ሥርዓቱ የተገላቢጦሽ ነው፤ ማሠራጫው ይናገራል፣ ስልኩ ይሰማል፣ ይመዝናል፣ ይቆርጣል። ብዙ ሰው «ኔትወርክ የለም» ብሎ የሚያማርርበት ነገር ምሥጢሩ ከዚህ ላይ ነው።

ስልክ ደግሞ መለየትን አይወድም። የአይፎን ሠሪ አፕል ባወጣው መመሪያ እንደሚነበበው፣ ይህ ስልክ አዲስ ማሠራጫ መፈለግ የሚጀምረው ያለበት ሞገድ ወደ ኔጌቲቭ 70 ዲቢኤም፣ ማለት ወደ አንድ ሚሊዋት አሥር ሚሊዮንኛ እጅ ሲወርድ ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን፣ በሥራ ላይ ሳለ አዲሱ ከቀድሞው በ8 ዲሲቤል፣ ይኸውም በስድስት እጥፍ ያህል ካልበለጠ አይነሣም፤ ሥራ ፈትቶ ሳለማ 12 ዲሲቤል ይጠብቃል። ሌሎች ስልኮች ልካቸው እንደ ሠሪያቸው ይለያያል። ከቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት የተነሣ ተማሪ ሦስተኛ ፎቅ ደርሶ፣ ከራሱ በላይ አዲስ ማሠራጫ እየበራለት፣ ስልኩ የምድር ቤቱን የደከመ ድምፅ ሙጥኝ ብሎ የሚቀረው ስለዚህ ነው።

ለመነሣት ማመንታቱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጉዞው ዋጋ አለውና። ሌላ ማሠራጫ ለመፈለግ ስልኩ ጆሮውን ከቻናል ወደ ቻናል ማዞር አለበት፤ ጆሮውን ባዞረበት ቅጽበትም የቀድሞውን አይሰማም። አዲሱ ደጃፍ ሲደርስ ደግሞ ማንነቱን እንደ ገና ማስመስከር አለበት፤ ይህም የተጠቃሚውን ስምና የይለፍ ቃል ከሩቅ ሰርቨር ጋራ በሚያመሳክር ጥብቅ ኔትወርክ ውስጥ የንግግርን ድምፅ የሚቆራርጥ መዘግየት ያመጣል።

የመጀመሪያው የዋይፋይ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1997 ከወጣ በኋላ፣ ይህን ድካም ለማቅለል የዘርፉ ሊቃውንት ሦስት ተጨማሪ ደንቦችን ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው 802.11ኬ ማሠራጫው የጎረቤቶቹን መለያ ቁጥርና ቻናል ለስልኩ እንዲነግረው ያደርጋል፤ መንገደኛው በየጓሮው እየዞረ እንዳይፈልግ። በዚያው ዓመት የወጣው 802.11አር፣ አንድ ጊዜ የተመሰከረለት ስልክ በሚቀጥለው ደጃፍ ምርመራው እንዲያጥርለት ቁልፉን አስቀድሞ ያሰናዳለታል። እ.ኤ.አ. በ2011 የተከተለው 802.11ቪ ማሠራጫው «ከእኔ ይልቅ እገሌ ይሻልሃል» ብሎ እንዲመክር ፈቃድ ይሰጠዋል። ነገር ግን ምክሩ ምክር ነው፤ ስልኩ ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል።

ይህን ያላስተዋለ ባለሙያ መድኃኒቱ ጉልበት ይመስለዋል። የነገሥታቱን ፋሲል ግቢ የሚከብበው የ900 ሜትር አጥር ለዘበኛ ቢመችም፣ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ለሞገድ ጠላት ነው፤ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው ሞገድ ከ2.4ቱ ይልቅ በፍጥነት ይደክምበታል። ባለሙያው ግንቡን ላሸንፍ ብሎ የማሠራጫውን ኃይል ቢያበዛ፣ የማሠራጫው ድምፅ እንደ ከበሮ እስከ ዳር ይሰማል፤ የስልኩ ደካማ ድምፅ ግን ተመልሶ ከበሮው ዘንድ አይደርስም። ስልኩም የሚሰማውን ብቻ አምኖ ከማይሰማው መምህር ዘንድ ተቀምጦ ይቀራል። ብልህ ባለሙያ ኃይሉን ይመጥናል፤ ማሠራጫዎቹን ያቀራርባል፤ የአንዱ ድምፅ ሳይጠፋ የሌላው እንዲሰማም ድንበራቸውን ያደራርባል።

ይህ ሁሉ ባልተሟላበት ቦታ ሕዝቡ የራሱን ዘዴ አግኝቷል፦ ዋይፋዩን አጥፍቶ ያበራል። ስልኩም ወዲያው ከአጠገቡ ያለውን ማሠራጫ ይይዛል። ሰውየው ኔትወርኩን የጠገነ ይመስለዋል፤ ያደረገው ግን የዘገየውን ተማሪ አኩፋዳውን አሸክሞ ከደጃፍ ማስወጣት ብቻ ነው።