ቻይንኛ ሳያነቡ ላኦ ትዙን የገጠሙ

ታኦ ቴ ቺንግ ቀጭን መጽሐፍ ነው፤ 81 አጫጭር ምዕራፎች፣ 5,000 ያህል የቻይና ፊደላት። ጸሐፊው ላኦ ትዙ ነው ይባላል። ይህን ብዙዎች ያውቁታል። እኔ የማስተዋውቃችሁ ገጣሚዎች በእንግሊዝኛ እንደ አዲስ የገጠሟቸውን መጻሕፍት ነው፤ ዊተር ባይነር በ1944፣ ስቲቨን ሚቸል በ1988፣ ኧርሱላ ለ ግዊን በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጧቸውን። ሦስቱም የሠሩት ቻይንኛ ሳያነቡ ነው። 

«ቋንቋውን ሳያውቁ ምን ሊረባ!» የሚል ንቀት ደጋግሜ ሰምቻለሁ። ነገር ግን የላኦ ትዙ ጽሑፍ ራሱ አብዛኛው ቤት የሚመታ ግጥም ነው። ምሁር ተርጓሚ ቃል በቃል ጠብቆ በስድ ንባብ ሲያሰፍረው ሐሳቡ ይተርፋል፣ ዜማው ይቀራል። ያንን ዜማ ለመመለስ የጣረ ገጣሚ እንዴት ከዋናው ራቀ ተብሎ ብቻ ይከሰሳል?

ደግሞም ገጣሚዎቹ በባዶ እጃቸው አልተነሡም። በ1898 ፖል ካሩስ የሚባል ሰው ቻይንኛውን ጽሑፍ ከነንባቡ፣ የያንዳንዱንም ፊደል ፍቺ ከጎኑ አድርጎ አሳተመ። አንባቢው ቋንቋውን ባያውቅም የትኛው ቃል የት እንደተቀመጠ በዓይኑ ማየት ቻለ። የለ ግዊን አባት፣ አንትሮፖሎጂስቱ አልፍሬድ ክሮበር፣ ይህ መጽሐፍ ነበረው። አንድ ቀን ምልክት ሲያደርግበት አይታ ብትጠይቀው፣ በቀብሩ ሥነ ሥርዓት እንዲነበቡለት የሚፈልጋቸውን ምዕራፎች እየመረጠ እንደሆነ ነገራት። ሲሞትም ተነበቡለት። እሷ በሃያዎቹ ዕድሜዋ የጀመረችውን ሥራ በስተርጅና ስትጨርስ፣ የቻይንኛ ምሁሩ ጄ. ፒ. ሲተን አግዟታል። በኋላ የተጨመሩ የመሰሏትን ስንኞች ስታወጣም በማስታወሻዋ ትናገራለች። እኔ ከሁሉም እሷን የማስቀድመው ለዚህ ጨዋነቷ ነው።

ሚቸል ከዋናው በብዙ ይርቃል፤ እንዳሰፋና እንዳሳጠረ ግን በመቅድሙ ራሱ ጽፏል። ጥፋቱ የአንባቢዎች ነው። የሚቸልን ስንኝ በፎቶ ላይ ጽፈው ከሥሩ «ላኦ ትዙ» ይላሉ። አንድ ወዳጄ እንዲህ ያለ ጥቅስ ልኮልኝ በሌሎቹ ትርጉሞች ሁሉ ብፈልገው አጣሁት። እባካችሁ፣ ስትጠቅሱ የገጣሚውን ስም አትዝለሉ።

ለንባቡ ደግሞ ምሁሩ ዲ. ሲ. ላው ከቻይንኛው በቀጥታ የተረጎመውን የ1963 መጽሐፍ ከአጠገባችሁ አድርጉ። ከ11ኛው ምዕራፍ ጀምሩ፤ ስለ መንኮራኩር፣ ስለ ሸክላ ዕቃና ስለ ቤት ባዶ ቦታ ከሚናገረው። መጀመሪያ ላውን፣ ቀጥሎ ለ ግዊንን፣ ሁለቱንም ድምፅ እያሰማችሁ አንብቡ።