በደልን መሸሸግ ክብርን አያስጠብቅም

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በሕፃናት ላይ የተፈጸመው በደልም ለብዙ ዘመን መድኃኒት ያጣው ስለ ተሸሸገ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የቦስተን ከተማ ጋዜጣ ነገሩን ገልጦ ሲያወጣ፣ በደለኞቹ ካህናት በመታገድ ፈንታ ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ይዛወሩ እንደ ነበር ታወቀ። ሊቀ ጳጳሱ ካርዲናል በርናርድ ሎውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሥራቸው ለቀቁ።

ከዚህ በኋላ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ በ2019 ዓ.ም. ባወጡት ሕግ፣ ማናቸውም ካህን ወይም መነኩሴ እንዲህ ያለውን በደል ሲያውቅ ወይም ሲጠረጥር ሳይዘገይ እንዲያመለክት ታዘዘ፤ አመልካቹን ዝም በል ብሎ ማስገደድም ተከለከለ። በኑዛዜ የተሰማው ምስጢር ግን እንደ ተጠበቀ ነው። ሕጉ የምሥራቅ ሥርዓት ተከታዮችንም ስለሚመለከት የአገራችንን ካቶሊካውያን ይጨምራል።

ይሁን እንጂ ሕግ ብቻውን ጠባቂ አይሆንም። ልጅ «ወደዚያ አልሄድም» ብሎ ሲያለቅስ፣ ወላጅ ከመቆጣቱ አስቀድሞ «ስለ ምን?» ብሎ በዝግታ ይጠይቀው። የካህናትም ክብር የሚጠበቀው በደልን በመሸፈን ሳይሆን ሕፃኑን በመስማት ነው።