ለአምባሰል ዜማ የሚስማማ አምፕሊፋየር

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ የሐይቅን ከተማ፣ በአጠገቧም አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ምዕተ ዓመት ያስተማሩበትን የእስጢፋኖስን ገዳም ያገኛል፤ ጉዞውን ሲቀጥልም ውጫሌ ደርሶ፣ ስሙን ከዐበይት ቅኝቶቻችን ለአንዱ የሰጠውን የአምባሰልን ምድር ይረግጣል። ይህ አገር ከማኅሌት እስከ መንዙማ፣ ከአዝማሪ መሲንቆ እስከ እረኛ ዋሽንት ዜማ ያልተለየው አገር ነው። ዛሬ ግን ዜማው ወደ ሰሚው ጆሮ የሚደርሰው በአብዛኛው በሽቦ ውስጥ አልፎ ነው፤ ሠርግ ያለ ሞንታርቦ አይደገስም፤ አዛኑም ቅዳሴውም ከደጅ የሚሰማው በስፒከር ነው፤ መስከረም 21 ቀን በግሸን ማርያም ንግሥ የሚሰበከው ቃልም ከተሰበሰበው ሕዝብ ዳርቻ የሚደርሰው በድምፅ ማጉያ ነው። ስለዚህ በዜማውና በጆሯችን መካከል የቆመው አምፕሊፋየር የተባለ ሣጥን ምን እንደሚሠራ፣ በገዛ እጅም ለመሥራት የሚሻ ሰው ዕቃውን በምን ሚዛን ሊመርጥ እንደሚገባው መመርመር ለባለሙያ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም።

የአምፕሊፋየርን ግብር ለማስተዋል መስኖ የሚያጠጣ ገበሬ የቦዩን መዝጊያ ከፍ ዝቅ ሲያደርግ መመልከት ይበቃል፤ ውኃውን የሚገፋው የገበሬው ጉልበት ሳይሆን የወንዙ ኃይል ነው፤ የገበሬው እጅ ግን ያን ታላቅ ኃይል መቼና ምን ያህል እንደሚፈስ ያዝዘዋል። እንዲሁም ከማይክሮፎን ወይም ከስልክ የሚመጣው ደካማ ምልክት ስፒከሩን በራሱ አያንቀሳቅሰውም፤ የሚያንቀሳቅሰው ከሶኬት የሚመጣው ኃይል ሲሆን፣ ደካማው ምልክት በአምፕሊፋየሩ ውስጥ ባለው ትራንዚስተር በር ላይ ሆኖ ያ ኃይል የእርሱን መልክ ይዞ እንዲወጣ ያደርገዋል። ከዚህ የሚከተለውን ነገር ጀማሪ ሠሪዎች ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል፤ ይኸውም በመጨረሻ የምንሰማው ድምፅ የመብራት ኃይሉ ራሱ በዜማ አምሳል ተቀርጾ መሆኑና፣ የኃይል መስጫው ክፍል ከጎደለ የዜማውም መጉደል የማይቀር መሆኑ ነው።

ምልክቱ መልኩ ሳይለወጥ ቢጎላ ምንኛ መልካም ነበር! ነገር ግን ማናቸውም ትራንዚስተር በመጠኑ ያጣምመዋል፤ ከዐቅሙ በላይ ሲጠየቅም የሞገዱን አናት ይቆርጠዋል። የተጣመመ ሞገድ ደግሞ በመጀመሪያው ዜማ ውስጥ ያልነበሩ ድምፆችን ይወልዳል፤ ጉዳቱም ለአምባሰል ቅኝት በተለይ ይከብዳል። የአምባሰል ቅኝት ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ሬ ቤሞል፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ቤሞል የተባሉትን አምስት ድምፆች ይይዛል፤ በዶና በሬ ቤሞል፣ በሶልና በላ ቤሞልም መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ድምፅ ብቻ ነው። መካከለኛው ዶ በሴኮንድ 262 ጊዜ፣ ሬ ቤሞል ደግሞ 277 ጊዜ ይርገበገባል። ክራሩ አንደኛውን ይዞ ሳለ ድምፃዊቷ ሁለተኛውን ብታሰማና አምፕሊፋየሩ ሁለቱን በአንድነት ቢያጣምማቸው፣ በሴኮንድ 247 እና 292 ጊዜ የሚርገበገቡ ሌሎች ሁለት ድምፆች ይወለዳሉ፤ እነዚህም ሲና ሬ ለመባል የቀረቡ ሲሆኑ፣ በዚህ ቅኝት ውስጥ አንዳቸውም ሥፍራ የላቸውም። እንግዲህ ደካማ አምፕሊፋየር አምባሰልን ሲያጎላ ቅኝቱ የማያውቃቸውን ድምፆች ጨምሮ ያሰማል ማለት ነው። ድምፃዊት ማሪቱ ለገሠ ለአገር ያስተዋወቀችው ያ ረቂቅ ዜማ በእንዲህ ያለ ሣጥን ሲያልፍ፣ ሰሚው ድምፁ ሻከረ ብሎ ያዝናል እንጂ ምክንያቱን አያውቀውም። ስለዚህ በእኔ ግምት በዚህ አገር አምፕሊፋየር የሚሠራ ሰው ከብዛት ይልቅ ጽርየትን፣ ከጩኸትም ይልቅ ጥራትን ማስቀደም ይገባዋል፤ ከዚህ በታች ስለ ዕቃ ምርጫ የምለውም ሁሉ ከዚሁ ሐሳብ የሚመነጭ ነው።

ለመጣመም የተገኘው ዋናው መፍትሔ አሜሪካዊው መሐንዲስ ሃሮልድ ብላክ እ.ኤ.አ. በ1927 የደረሰበት ጥበብ ነው፤ ይኸውም ከሚወጣው ምልክት ጥቂቱን በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ መግቢያው እየመለሱ፣ አምፕሊፋየሩ የገዛ ስሕተቱን ራሱ እንዲያርም ማድረግ ነው። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1947፣ ዊልያምሰን የተባለ የብሪታንያ መሐንዲስ ይህንኑ ጥበብ ተከትሎ በዋየርለስ ወርልድ መጽሔት ያወጣው የቫልቭ አምፕሊፋየር ኃይሉ 15 ዋት ብቻ ሆኖ ሳለ መጣመሙ ከ0.1 በመቶ በታች በመሆኑ፣ በብዙ አገር የሚኖሩ የጥበብ ወዳጆች በየቤታቸው ሠርተውታል። በቤት የሚሠራ አምፕሊፋየር ከፋብሪካው ሊስተካከል እንደሚችል ያን ጊዜ ታይቷል።

15 ዋት የሚለው ቁጥር ዛሬ ለሚሰማው ሰው ትንሽ ይመስላል፤ የዋትን ነገር ግን በማስተዋል መመዘን ያስፈልጋል። ኃይሉን እጥፍ ማድረግ ድምፁን በ3 ዴሲቤል ብቻ ያሳድገዋል፤ ለጆሮ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ ዐሥር እጥፍ ማደግ አለበት። በ1 ዋት ኃይል በ1 ሜትር ርቀት 90 ዴሲቤል የሚሰጥ መካከለኛ ስፒከር በ20 ዋት 103 ዴሲቤል ይሰጣል፤ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥርም 6 ስለሚቀንስ፣ ሜዳ ላይ ከ8 ሜትር የቆመ ሰው 85 ዴሲቤል ይሰማል፤ ይህም ለመኖሪያ ቤት፣ ለአዝማሪ ቤት፣ ለመካከለኛም የሠርግ ዳስ የሚበቃ ነው። ከዚህ በላይ የሚሻ ሰው ዋት ከመጨመሩ በፊት ስፒከሩን ይመርምር፤ በ1 ዋት 96 ዴሲቤል የሚሰጠው ስፒከር በ20 ዋት የሚያሰማውን ለማሰማት፣ 90 የሚሰጠው 80 ዋት ይፈልጋልና። በርካሽ ሣጥኖች ላይ በትልልቅ ፊደል የሚታተመው 1000 ዋት የሚል ጽሑፍ ግን አያታልለን፤ 100 ዋት ብቻ መሸከም ከሚችል ትራንስፎርመር 1000 ዋት ሳይቋረጥ ሊወጣ የተፈጥሮ ሕግ አይፈቅድም።

ወደ ዕቃው ስንመጣ ለምሳሌ የምመርጠው ኤልኤም 1875 የተባለውን አምስት እግር ያለው አይሲ ነው። ይህ አይሲ ብዙ ትራንዚስተሮችን በአንድ ገላ አጠቃሎ የያዘ፣ የብላክም ጥበብ በሁለት ሬዚስተሮች ብቻ የሚፈጸምበት፣ 25 ቮልት በፖዘቲቭ፣ 25 ቮልትም በኔጋቲቭ ሲሰጠው ወደ 20 ዋት የሚጠጋ ንጹሕ ኃይል የሚያወጣ ነው። ርካሹ ቲዲኤ 2030 ለትንሽ ክፍል ያገለግላል፤ ታላቁ ኤልኤም 3886 ደግሞ በ28 ቮልት፣ በ4 ኦም ስፒከር እስከ 68 ዋት ይደርሳል። ቱ ኤን 3055ን በመሰሉ የቆዩ ትራንዚስተሮች አንድ በአንድ እየገጠሙ መሥራትም ክቡር ሙያ ነው፤ ሆኖም ዜማ ሳይኖር በትራንዚስተሮቹ የሚያልፈውን የኤሌክትሪክ መጠን በጥንቃቄ ማስተካከል ስለሚጠይቅ ለመጀመሪያ ሥራ አልመክረውም። ስማቸው የታወቀ አይሲዎችና ትራንዚስተሮች ሁሉ በገበያ አስመሳይ አላቸው፤ አስመሳዩ በዝቅተኛ ድምፅ ያለ ነቀፋ ይሠራና ሙሉ ኃይል የተጠየቀ ዕለት ይቃጠላል። ዋጋው ከሌላው እጅግ የረከሰውን፣ ጽሑፉም በአልኮል ሲታሽ የሚለቀውን ትቶ፣ ከተበላሸ ጥሩ ዴክ የተነቀለውን መውሰድ ይሻላል።

ከአይሲው ይልቅ ግን ገንዘብና አሳብ ሊወጣበት የሚገባው ትራንስፎርመሩ ነው። 220 ቮልት ተቀብሎ 18፣ 0፣ 18 የሚያወጣ ትራንስፎርመር ለዚህ ሥራ ይስማማል፤ ተለዋዋጩ 18 ቮልት በዳዮድ ተቃንቶ በካፓሲተር ሲጠራቀም በ1.41 ተባዝቶ 25 ይሆናልና። ለሁለት ስፒከር የሚሆን ስቴሪዮ ከሆነ 120 ቮልት አምፒር ያለው ቢገኝ በቂ ነው። የምሽቱን ነገር ደግሞ ማሰብ ያስፈልጋል። በየቤቱ የእንጀራ ምጣድ ሲበራ መብራት እንደሚደክም ሁላችንም እናውቃለን፤ 220ው ወደ 180 ቢወርድ፣ የአምፕሊፋየር ኃይል የሚለካው በቮልቱ ዳግም ብዜት ስለሆነ፣ ከኃይሉ አንድ ሦስተኛው ይጎድላል። ድግሱ የሚደምቀውም ብዙ ጊዜ በዚሁ ሰዓት ነው፤ ባለ ሣጥኑ ቮልዩሙን ሲጨምር የሞገዱ አናት ይቆረጣል፤ ከላይ ያልናቸው ባዕዳን ድምፆችም ያኔ ይበዛሉ። ስለዚህ ሠሪው ለሚያስበው ሥራ 10 ዋት የሚበቃው ቢሆን እንኳ 20 የሚሰጠውን ይሥራ፤ ትርፉ ለጩኸት ሳይሆን ለዚህ ሰዓት የተቀመጠ ነው። ካፓሲተሩ በእያንዳንዱ ወገን 4700 ማይክሮፋራድ ይሁን፤ ሌሊት ምጣዶቹ ጠፍተው ቮልቱ ሲወጣ እንዳይጎዳም 50 ቮልት የሚችለው ይመረጥ። አናቱ ያበጠ ካፓሲተር በነጻ ቢሰጥም አይወሰድ።

ከመብራቱ ድካም ቀጥሎ ሙቀት ሁለተኛው ጠላት ነው። ኤልኤም 1875 ከ8 ኦም ስፒከር ጋር በብርቱ ሲሠራ እርሱ ራሱ 20 ዋት ያህል በሙቀት መልክ ስለሚያባክን፣ ክንፍ ያለው የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ያስፈልገዋል። የሐይቅ ባሕር ገጽ ከባሕር ወለል በላይ 1900 ሜትር ያህል ነው፤ የአምባሰል ደጋ ከዚህም ይበልጣል። በ2000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ ሙቀት የመውሰድ ዐቅሙም ይቀንሳል፤ ስለዚህ በአገራችን ደጋ የሚሠራ ሰው መጻሕፍት ከሚያዝዙት ማቀዝቀዣ ሰፋ ያለውን ይምረጥ፤ የሣጥኑንም ላይና ታች ይብሳ። የኤልኤም 1875 የጀርባ ብረት ከኔጋቲቩ ቮልት ጋር የተገናኘ በመሆኑ በእርሱና በማቀዝቀዣው መካከል ስስ ሚካ መግባት አለበት፤ ይህ ሲዘነጋ ብረቱ ሣጥኑን በነካ ቅጽበት ፊውዙ ይበጠሳል፤ ፊውዝ ከሌለም ሌላው ዕቃ ይነዳል።

ስለ ቀሩት ዕቃዎች ጥቂት ይበቃል። በመውጫው ላይ 1 ኦም ሬዚስተርና 0.22 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ተከታትለው ካልገቡ አይሲው ጆሮ በማይሰማው ፍጥነት እየተንቀጠቀጠ በከንቱ ሊግል ይችላል። የመሬት መስመሮች ሁሉ በአንድ ነጥብ ይገናኙ፤ የመግቢያው ሽቦም ከትራንስፎርመሩ ይራቅ፤ ይህ ካልሆነ ዜማው ጸጥ ባለ ቁጥር የማያቋርጥ የእምም ድምፅ ይሰማል።

መብራት ባልደረሰበት ቀበሌ፣ በሶላርና በ12 ቮልት ባትሪ ለሚሠራ ሰው ግን ከላይ የተባለው መንገድ አይስማማውም። እንዲህ ላለው ቦታ ክፍል ዲ የተባለው የአምፕሊፋየር ዓይነት፣ ለምሳሌ ቲፒኤ 3116፣ ይመረጣል፤ ይህ ከሚቀበለው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ ለስፒከሩ ስለሚያደርስ ባትሪው ዕድሜ ያገኛል፤ ማቀዝቀዣውም ትንሽ ይሆናል። ተዘጋጅቶ ከነቦርዱ የሚሸጥ በመሆኑ የሠሪው ድርሻ ጥሩ ስፒከርና ጥሩ ሣጥን ማሰናዳት ነው።

ሥራው ሲያልቅ ወዲያው ሶኬት ላይ አይሰካ። በመስመሩ ላይ አንድ የ60 ሻማ አሮጌ ባለ ሽቦ አምፖል ተከታትሎ ይግባ፤ አምፖሉ ለቅጽበት በርቶ ከፈዘዘ ሥራው ደኅና ነው፤ ደምቆ ከቀረ ግን ስሕተት አለና ነቅሎ መመርመር ነው። ከዚያ ስፒከሩ ሳይገጠም የመውጫው ቀጥተኛ ቮልት በቴስተር ይለካ፤ ከ50 ሚሊቮልት በታች ሊሆን ይገባዋል። 220 ቮልት ሕይወትን የሚያጠፋ ኃይል መሆኑን፣ ካፓሲተሩም ከተነቀለ በኋላ ኃይሉን ይዞ እንደሚቆይ ለአፍታም መዘንጋት አይገባም፤ ወጣቶች ይህን የመጨረሻ ክፍል ብቻቸውን ሆነው አይሥሩት።

በሐይቅና በውጫሌ ያላችሁ የሙያ መምህራን፣ እንዲሁም ለአጥቢያችሁ፣ ለመስጊዳችሁና ለዕድራችሁ የድምፅ ዕቃ የምትገዙ የኮሚቴ አባላት ሆይ፦ ዋጋ ከመስማማታችሁ በፊት ሣጥኑን ምን ያህል ይጮኻል ብላችሁ አትፈትኑት፤ አዝማሪ አስመጡና መሲንቆ እየመታ አምባሰል ይዝፈንበት፤ የቅኝቱ ጎረቤት ድምፆች፣ ዶና ሬ ቤሞል፣ ተለይተው የማይሰሙበትን ሣጥን ስንት ዋት ቢጻፍበትም አትግዙት።