የገና ዱላ ሲገዙ ምን ይመለከታሉ?

ለአንድ ቀን በዓል የሚፈለግ ዕቃ ለነጋዴ አስቸጋሪ ነው። ቀኑ ካለፈ ገንዘቡ ይታሰራል፤ ጥራቱ ከጎደለ ደግሞ ደንበኛው በሚቀጥለው ዓመት አይመለስም። የገና ዱላ ከእነዚህ ዕቃዎች አንዱ ነው። ፍላጎቱ የሚነሳው በዓሉ ሲቃረብ ሲሆን፣ በዓሉም ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ ታኅሣሥ 28 ቀን ይውላል።

በላስታ ይህ ቀን ድርብ በዓል ነው። የጌታ ልደትና የንጉሥ ላሊበላ ልደት በአንድነት ስለሚከበሩ ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣ ምእመን ሳይቀር በላሊበላ ከተማ ይሰባሰባል። ስለዚህ ዱላ ሊሸጥ የሚያስብ ነጋዴ ሁለት ዓይነት ገዢ ይጠብቀዋል። አንደኛው በታጨደ ማሳ ላይ ሩር የሚመታበት ጎረምሳ ነው። ሁለተኛው ለመታሰቢያ ይዞ የሚመለስ እንግዳ ነው። የሁለተኛው ገዢ ቁጥር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በኮቪድ ወረርሽኝ፣ ቀጥሎም በጦርነት ምክንያት ክፉኛ ተጎድቷል። ተጫዋቹ ግን ዱላ የሚገዛው ሊመታበት ነውና ጥራቱን የሚፈትሸው እሱ ነው። ይህ ጽሑፍም የሚመለከተው የመጫወቻውን ዱላ ነው።

ከጎልፍ የምንማረው

ጎልፍ የሚጫወት አንባቢ አሸዋ ውስጥ የገባች ኳስ የምትወጣበትን ልዩ ዱላ ያውቃል። ይህን ዱላ ዛሬ በሚታወቅበት መልክ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ጂን ሳራዘን ነው። ሳራዘን የዱላውን ጫማ፣ ማለትም መሬት የሚነካውን የታች ክፍል፣ በብየዳ እርሳስ አወፈረው፤ እ.ኤ.አ. በ1932ም በዚሁ ዱላ ታግዞ የእንግሊዝን ኦፕን ውድድር አሸነፈ። የወፈረው ጫማ ዱላው አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ እንዳይቀር ይልቁንም ተንሸራትቶ እንዲወጣ ያደርገዋል።

ዛሬ ይህ ዱላ በሁለት ቁጥሮች ይመረጣል። የመጀመሪያው የፊቱ ዘንበል ማለት ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከ54 እስከ 58 ዲግሪ ይደርሳል። ሁለተኛው የጫማው ወደ ታች ማበጥ ነው። አሸዋው ልልና ጥልቅ ከሆነ ያበጠ ጫማ ይመረጣል። መሬቱ ደረቅና ጠንካራ ከሆነ ግን ያው ጫማ ነጥሮ ኳሷን አናቷ ላይ ስለሚመታት ጠበብ ያለው ይሻላል። እንግዲህ አዋቂ ጎልፈኛ በቅድሚያ የሚጠይቀው የዱላውን ስም ሳይሆን የሚጫወትበትን መሬትና የራሱን አመታት ነው።

የገና ዱላም የሚመረጠው በዚሁ ሥርዓት ነው። ሆኖም አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ጎልፈኛ በሕጉ መሠረት እስከ 14 ዱላ ይዞ መግባት ይችላል፤ ለሩቅ አንዱን፣ ለቅርብ ሌላውን፣ ለአሸዋ ደግሞ ሦስተኛውን ያወጣል። የገና ተጫዋች የያዘው አንድ ዱላ ብቻ ነው። በእሱ ያቀብላል፣ ይቀማል፣ ርቆም ይመታል። በመሆኑም ለአንድ ሥራ ብቻ እጅግ የተመቸ ዱላ ለሌላው ሥራ ያስቸግረዋል።

ቅርጹ

መጀመሪያ የሚታየው ቆልማማው ጫፍ ነው። በጣም የተጠማዘዘ ጫፍ ሩሯን አቅፎ ለመያዝና ከተጋጣሚ ለመንጠቅ ያመቻል፤ በሙሉ ኃይል ለመምታት ግን የሚነካው ገጽ ጠባብ ስለሚሆን ሩሯ ወደ ጎን ታመልጣለች። በትንሹ ብቻ የጎበጠ ጫፍ ተቃራኒው ነው፤ ርቆ ይመታል፣ መንጠቅ ግን አይሆንለትም። ዱላው አንድ ብቻ ስለሆነ ለአብዛኛው ሰው መካከለኛው ጉብጠት ይበጃል።

ቀጥሎ የቆልማማው የታችኛው ገጽ ይታያል። በታኅሣሥ የላስታ መሬት ደረቅ ነው፤ አዝመራው የተነሳበት ማሳ ቃርሚያና ድንጋይ ይበዛዋል። የታች ጠርዙ ስለት ያለው ዱላ መሬቱን እየቆረጠ ይደናቀፋል፤ ድንጋይ ባገኘ ቁጥርም ይላጣል። ስለዚህ ጠርዙ በመጠኑ ተድቦልቡሎ የተስተካከለውን ይምረጡ። ከመጠን በላይ የወፈረ ግን በደረቅ መሬት ላይ እንደ ጎልፉ ዱላ ይነጥራል።

ርዝመትን በተመለከተ የተጻፈ የላስታ ደንብ ስለማይገኝ የተጫዋቹ ቁመት ይወስናል። ገዢው ጎንበስ ብሎ በሁለት እጁ ሲይዘው ቆልማማው ሙሉ በሙሉ መሬት መንካት አለበት። ዱላው ወገቡን ከልክ በላይ ካጎነበሰው አጥሯል። ለማነጻጸር ያህል፣ በዓለም አቀፍ የሆኪ ሕግ ዱላ ከ105 ሴንቲ ሜትር መብለጥ፣ ክብደቱም ከ737 ግራም ማለፍ አይፈቀድለትም። የገናን ዱላ ይህ ሕግ ባይመለከተውም አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ እየሮጠ ሊያወዛውዘው የሚችለውን መጠን ለመገመት ይረዳል። ከባድ ዱላ በአንድ ምት ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ ነገር ግን ክንድ ሲደክም ፍጥነቱ ይወርዳል፣ ፍጥነት ሲወርድም የክብደቱ ጥቅም ይጠፋል።

እንጨቱ

ወይራ በክብደቱና በጥንካሬው የታወቀ ነው። ክትክታም ጠንካራ ሆኖ ለመሣሪያ እጀታ ያገለግላል። ጽድ ቀላልና መዓዛው ጥሩ ቢሆንም በጅማቱ አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃል። ዋንዛ ለዕቃ መልካም ነው፤ ለምት ግን ይለሰልሳል። ባሕር ዛፍ እንደ ልብ ይገኛል፤ ችግሩ ሲደርቅ መጣመሙና መንቃቱ ነው።

ከዛፉ ዓይነት ይልቅ የሚያሳስበው የጅማቱ አካሄድ ነው። ቆልማማው ተፈጥሮ ያጎበጠችው ቅርንጫፍ ከሆነ ጅማቱ ጉብጠቱን ተከትሎ ይዞራል፤ እንዲህ ያለው ዱላ ምት ይችላል። ከቀጥ ያለ ወፍራም እንጨት ተጠርቦ የወጣ ቆልማማ ግን ጅማቱ በመታጠፊያው ላይ ተቆርጧል። መልኩ ቢያምርም የሚሰበረው እዚያው ላይ ነው። መታጠፊያውን ብርሃን ላይ አዙረው ይመልከቱ፤ መስመሮቹ ከጉብጠቱ ጋር አብረው ካልዞሩና ወደ ጠርዝ ወጥተው ካለቁ ይተዉት። በመታጠፊያው ላይ ጉጥ ካለም እንዲሁ።

እርጥብ ወይስ ደረቅ?

ነጋዴን ይበልጥ የሚያከስረው እርጥበት ነው። እንጨት ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ዙሪያው ከመሐሉ ይበልጥ ስለሚኮማተር ድቡልቡል እንጨት ወደ ልቡ ይነቃል። ስንጥቁ የሚጀምረው ውኃ ፈጥኖ ከሚወጣበት ከሁለቱ ጫፍ ነው። በኅዳር ተቆርጦ በታኅሣሥ የሚሸጥ ዱላ ገና እርጥብ ነው። በገበያው ቀን ድንግል ይመስላል፤ አዲስ አበባ ሲደርስ ይነቃል።

እዚህ ላይ ሻጭ የሚያውቀውን ገዢ አያውቅም። አሜሪካዊው የኢኮኖሚክስ ሊቅ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ ያገለገሉ መኪናዎች ሲጽፍ ያስረዳው ይኸው ነው። ገዢ ጥሩውን ከመጥፎው መለየት ካልቻለ ለሁሉም መካከለኛ ዋጋ ይሰጣል፤ በዚያ ዋጋ ጥሩ ዕቃ ያለው ሻጭ አያዋጣውምና ከገበያ ይወጣል፤ የሚቀረው መጥፎው ነው። ዱላውን ዓመት ሙሉ ጥላ ውስጥ ያደረቀ ሰው ትናንት ከቆረጠው ጋር እኩል ከተከፈለው በሚቀጥለው ዓመት አያደርቅም።

መፍትሔው የመለያ ዘዴ ማወቅ ነው። አንዱ ሚዛን ነው። ከሚገዙት ውስጥ ጥቂት ዱላዎች ወስደው በየሳምንቱ ይመዝኑ፤ ክብደታቸው መቀነሱን ሲያቆም ደርቀዋል። ሌላው ድምፅ ነው። የደረቀ ዱላ ድንጋይ ላይ ቀስ ብሎ ሲመታ ጥርት ብሎ ይጮኻል፤ እርጥቡ ወይም ውስጡ የነቃው ድምፁ የታፈነ ነው። ሁለቱ ጫፎች በጭቃ ወይም በቀለም ተሸፍነው ከሆነ ጠርገው ይዩ። በሰም ወይም በሞራ የተቀባ ጫፍ ግን ማጭበርበር አይደለም፤ ውኃው ቀስ ብሎ እንዲወጣ የሚደረግ ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። ጥቃቅን ቀዳዳና ዱቄት ካዩ ነቀዝ አለበት።

ሒሳቡ

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ 100 ዱላ ገዝቶ 20ው በመንገድና በመጋዘን ቢነቃበት የ100ው ወጪ በ80ው ላይ ይወድቃል። የእያንዳንዱ ጤነኛ ዱላ ወጪ በ25 በመቶ ጨመረ ማለት ነው። ስለዚህ የደረቀው ዱላ ከእርጥቡ በ20 በመቶ ቢወደድ እንኳ የደረቀውን መግዛት ያዋጣል። ይህ ስሌት ዱላው በጨዋታ መካከል ተሰብሮ በሰው ዓይን ወይም ቅልጥም ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት አይጨምርም። በገና ጨዋታ ጌታ በሎሌው አይቆጣም ይባላል፤ ስንጥቅ ዱላ የሸጠ ነጋዴ ግን ይህ ምሕረት አይደርሰውም።

አቅርቦትም ወሰን አለው። የላስታ ደጋ ከጥንት ጀምሮ የታረሰና የተራቆተ ነው። ወይራና ጽድ በብዛት የሚታዩት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። ወይራ ደግሞ አዝጋሚ ዛፍ ነው። ለዱላ የሚያስፈልገው የጎበጠ ቅርንጫፍ እንጂ ግንዱ አይደለም፤ በአግባቡ የተገረዘ ዛፍ በሚቀጥሉት ዓመታትም ይሰጣል። እንጨቱ ከየት እንደመጣ መጠየቅ እንግዲህ የሃይማኖት ወይም የሕግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የነገውን ዕቃ ማስጠበቅ ነው።

የጊዜ ሰሌዳውም ከዚሁ ይከተላል። ለቀጣዩ ገና የሚሆን ዱላ ክረምት ሳይገባ፣ በበጋው ተቆርጦ፣ ጥላና ነፋስ ባለበት ተደርድሮ መክረም አለበት። ለላሊበላው የቅዳሜ ገበያ የሚያቀርብ ነጋዴ ከጠራቢዎች ጋር የሚዋዋለው በዚያን ጊዜ ነው፤ ቀብዱንም ለደረቀ ዱላ እንጂ ለተቆረጠ ዱላ አይክፈል። ከላሊበላ በአውሮፕላን የሚመለስ ገዢ በበኩሉ ዱላውን ከሚጫነው ሻንጣ ጋር ማስረከብ እንዳለበት ቀድሞ ይወቅ፤ የጎልፍም ሆነ የሆኪ ዱላ ወደ መንገደኞች ክፍል ስለማይገባ የገናውም አይገባም።